የራስን ኮድ አመንጪ በሬይልስ መጻፍ፦ የመሣሪያው ግምገማ

በአንድ የዌብ መተግበሪያ ላይ ዓመታት ያሳለፈ ቡድን ሁሉ መገልበጥን ያውቀዋል። አዲስ ክላስ፣ ማለትም አንድ የተወሰነ ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል፣ ሲያስፈልግ ፕሮግራመሩ ከዚህ በፊት የተጻፈ ተመሳሳይ ፋይል ይፈልጋል፣ ቅጂውን በአዲስ ስም ያስቀምጣል፣ የማይመለከተውን ይሰርዛል፣ ከዚያም ወደ ዋናው ጉዳዩ ይሄዳል። እኔ በምሠራበት ፕሮጀክት ገንዘብ ተመላሽ የሚያደርገው ክላስ የተጻፈው ክፍያ ከሚቀበለው ክላስ ተገልብጦ ነበር፤ መተግበሪያው የሚሠራውን በሚመዘግብበት ሎግ ላይ የሚጻፈው ስም ግን ሳይለወጥ ቀርቶ፣ የተመላሽ ስህተቶች ሁሉ በክፍያ ስም ሲመዘገቡ ሰነበቱ። ችግሩን ስንፈልግበት የዋልነው ክላስ አንዳች ጥፋት ያልነበረበት ክላስ ነው። የራሴን ኮድ አመንጪ፣ ማለትም በአንድ ትእዛዝ አዳዲስ የኮድ ፋይሎችን የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ለመጻፍ የተነሣሁት ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የተጠቀምኩትም መተግበሪያው የተሠራበት የሩቢ ቋንቋ ፍሬምወርክ (የመተግበሪያ መሥሪያ ማዕቀፍ)፣ ማለትም ሬይልስ፣ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣውን መሣሪያ ነው።

ፍርዴን ከምክንያቱ አስቀድሜ ብናገር እመርጣለሁ። አዳዲስ ፋይሎችን ለመፍጠር ይህን ያህል የተመቸ መሣሪያ አልገጠመኝም። ቀድሞ የነበረን ፋይል ከፍቶ መሐሉ ላይ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ዝምተኛ የሆነ መሣሪያ ነው። ፋይሎቹ ከተፈጠሩ በኋላ ስለሚገጥማቸው ደግሞ ምንም አያደርግም፤ ይህን ሳያውቅ የሚጀምር ቡድን ዋጋውን የሚከፍለው ዘግይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን ለሕዝብ የቀረበው ሬይልስ ገና ከጅምሩ ስሙ ከተነሣባቸው ነገሮች አንዱ፣ በአንድ ትእዛዝ ሞዴሉን (መረጃውን የሚይዘውን ክላስ)፣ ኮንትሮለሩን (የተጠቃሚውን ጥያቄ የሚያስተናግደውን ክላስ) እና ገጾቹን ባንድ ጊዜ የሚጽፈው «ስካፎልድ» የተባለው አመንጪ ነው። በዚያን ዘመንም የራስን አመንጪ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የሚሠራው ሁሉ «ማኒፌስት» በተባለ አንድ ሜተድ (በክላስ ውስጥ ያለ ስም የተሰጠው የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ መዘርዘር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው 3.0 እትም ይህን አፍርሶ፣ መላውን ሥርዓት የተርሚናል ትእዛዞችን ለመጻፍ በሚያገለግለው «ቶር» በተባለ የሩቢ ላይብረሪ ላይ እንደ አዲስ ገነባው። ዛሬ የምናገኘው ምቾት አብዛኛው ከዚህ ለውጥ የመጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አመንጪ ማለት እንደ ማንኛውም የሩቢ ክላስ የሚነበብ፣ የሚወረስና የሚፈተን ክላስ ሆኗል።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ሬይልስ አመንጪ የሚፈጥር አመንጪ አለው፤ «ሬይልስ ጄኔሬት ጄኔሬተር» ብሎ ስም መስጠት ብቻ ይበቃል። በ«ሊብ» ሥር ባለው «ጄኔሬተርስ» በተባለው ፎልደር ውስጥ የአመንጪው ክላስ፣ የአጠቃቀም መግለጫ የሚጻፍበት «ዩሴጅ» የተባለ ፋይልና አብነቶቹ የሚቀመጡበት ፎልደር ይፈጠራሉ፤ በአዳዲሶቹ እትሞች ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ የቴስት ፋይልም አብሮ ይመጣል። አመንጪውን የትም ማስመዝገብ አያስፈልግም፤ በተጠበቀው ቦታና በተጠበቀው ስም ከተቀመጠ ሬይልስ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። የዩሴጅ ፋይሉን ግን ብዙዎች እንደመጣ ይተዉታል፤ ይህ ስህተት ይመስለኛል። ቡድኑን አዲስ የተቀላቀለ ሰው እገዛ ሲጠይቅ ተርሚናሉ ላይ የሚያገኘው ያንን ጽሑፍ ነውና፣ ሁለት እውነተኛ የአጠቃቀም ምሳሌዎች እዚያ ቢቀመጡ በሌላ ሰነድ ከሚጻፍ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይነበባሉ።

አመንጪው የሚወርሰው መነሻ ክላስ ሁለት ዓይነት ነው። «ቤዝ» የሚባለው ባዶ መነሻ ሲሆን፣ «ኔምድ ቤዝ» የሚባለው ደግሞ በትእዛዙ የተሰጠውን የመጀመሪያ ቃል እንደ ስም ተቀብሎ ከእሱ ብዙ ነገር ያወጣል፤ የክላሱን ስም፣ የፋይሉን ስም፣ የሰንጠረዡን ስም፣ ስሙ በእዝባር ተከፍሎ የተሰጠ እንደሆነም የሚቀመጥበትን ፎልደርና ሞጁል ሁሉ ያዘጋጃል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር፣ የሰንጠረዡ ስም ወደ ብዙ ቁጥር የሚለወጠው በእንግሊዝኛ ሰዋስው መሆኑ ነው። «ፐርሰን» «ፒፕል» እንደሚሆን፣ «ሺፕ» (በግ) ደግሞ እንደማይለወጥ ያውቃል፤ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ስም ሲሰጠው ግን በጭፍን መጨረሻው ላይ «ኤስ» ይጨምርበታል። መተግበሪያው የራሱ የሙያ ቃላት ካሉት፣ አመንጪው ከመጻፉ በፊት እነዚያን ቃላት «ኢንፍሌክሽንስ» በተባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ማስገባት ይበጃል። በእጅ የተጻፈ የተሳሳተ ስም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይገኛል፤ አመንጪ የጻፈው የተሳሳተ ስም ግን ዳታቤዙን በሚለውጠው ፋይል፣ ማለትም በማይግሬሽኑም፣ በሞዴሉም፣ በቴስቱም እኩል ስለሚገኝ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ተስማምቶ ትክክል ይመስላል።

አመንጪው ሲጠራ በክላሱ ውስጥ ያሉት ፐብሊክ (ከክላሱ ውጪም ሊጠሩ የሚችሉ) ሜተዶች በሙሉ፣ በተጻፉበት ቅደም ተከተል፣ አንድ በአንድ ይሠራሉ። ሌሎቹን የሚጠራ ዋና ሜተድ የለም። ይህ አሠራር ሲለመድ በጣም ያምራል፤ ክላሱ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ አመንጪው የሚሠራውን በትክክል ይናገራልና። ጀማሪውን የሚጥለው ጉድጓድም ይኸው ነው። ረዳት እንዲሆን የታሰበ ሜተድ «ፕራይቬት» ከሚለው ቃል በላይ ከተጻፈ፣ እሱም እንደ አንድ የሥራ እርከን ተቆጥሮ ይሠራል። ሜተዱ ጽሑፍ ብቻ የሚመልስ ቢሆን ማንም አያስተውለውም፤ የእኔ ግን «ክላሱ በየትኛው ሞጁል ሥር ይቀመጥ?» ብሎ ተጠቃሚውን የሚጠይቅ ስለነበር፣ አንዴ በራሱ ተራ፣ አንዴ ደግሞ በጠራው ሜተድ አማካይነት ሁለት ጊዜ ይጠይቅ ነበር። ምክንያቱን እስካገኘው ድረስ ስህተቱን የፈለግኩት በአብነቱ ውስጥ ነበር።

አብነቶቹ ራሳቸው ብዙ ትዕግሥት የሚፈልጉ ናቸው። አብነት ማለት የሚፈጠረውን ፋይል የሚመስል፣ የሚለዋወጡት ቦታዎች የሩቢ ኮድን በጽሑፍ ውስጥ ለማስገባት በሚያገለግሉት የኢአርቢ ምልክቶች ክፍት የተተዉበት ጽሑፍ ነው። የሚፈጠረው የሩቢ ክላስ ሲሆን ነገሩ ግልጽ ነው። የሚፈጠረው የገጽ ፋይል ሲሆን ግን፣ አመንጪው አሁን የሚሞላው ክፍት ቦታና ገጹ ለተጠቃሚ ሲቀርብ የሚሞላው ክፍት ቦታ በአንድ ዓይነት ምልክት ስለሚጻፉ፣ ሁለት ጊዜያት በአንድ መስመር ላይ ይደራረባሉ። መፍትሔው ለኋላ በሚቀረው መክፈቻ ላይ የመቶኛ ምልክቱን ደግሞ መጻፍ ነው፤ አመንጪው አንዱን አንሥቶ ሌላውን እንዳለ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ አብነት ሲነበብ የትኛው ቦታ መቼ እንደሚሞላ ደጋግሞ ማሰብ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በአንድ የገጽ አብነት ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ሁኔታዎች ማስገባት አያዋጣም፤ አብነቱን ለሁለት መክፈል ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ አለ፤ እሱም የባዶ መስመር ጉዳይ ነው። በአብነቱ ውስጥ ያለ የ«ከሆነ» ሁኔታ ራሱ ባይታይም የቆመበት መስመር ባዶ ሆኖ በፋይሉ ውስጥ ይቀራል፤ ይህን ለማስቀረት ከመዝጊያው ምልክት በፊት ሰረዝ ማስገባት ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ንቄ ትቼው ነበር። ነገር ግን የኮድ አጻጻፍን የሚቆጣጠረው ሩቦኮፕ በእያንዳንዱ አዲስ ፋይል ላይ ቅሬታ ሲያቀርብ፣ የሥራ ባልደረቦቼ አመንጪውን ትተው ወደ መገልበጥ ሲመለሱ አየሁ። አመንጪ የሚጽፈው ኮድ ሰው ከሚጽፈው ኮድ የባሰ ከሆነ ማንም አይጠቀምበትም፤ የሚጠቀምበት ቢገኝም በየጊዜው የሚያርመው ሌላ ሰው ነው።

መሣሪያው ቀድሞ የነበረ ፋይልን ሊተካ ሲል ቆሞ ይጠይቃል፤ ተካ፣ ተው፣ ሁሉንም ተካ፣ አቋርጥ፣ ልዩነቱን አሳየኝ የሚሉ ምርጫዎችን ያቀርባል። ልዩነቱን የሚያሳየው ምርጫ ብቻውን ብዙ ጥፋት አስቀርቶልኛል። «ፕሪቴንድ» የተባለው አማራጭ ደግሞ ምንም ሳይጽፍ ሊያደርግ ያሰበውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ አዲስ አመንጪ ስጽፍ ያለ እሱ አንድም ጊዜ አልሞከርኩም። የተሠራውን የሚያፈርሰው «ዴስትሮይ» የተባለው ትእዛዝም ለየብቻው የሚጻፍ አይደለም፤ ያው ክላስ በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲሠራ ይደረጋል። አመንጪው የፈጠረውን ይሰርዛል፣ ያስገባውን ጽሑፍ ያወጣል። ይህን በነጻ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም የማፍረሱ ሥራ እንደ መፍጠሩ ጠንቃቃ አይደለም። ፋይሉ ከተፈጠረ በኋላ በእጅ የተጻፈ የሁለት ሳምንት ሥራ ቢኖርበትም፣ ዴስትሮይ ሳይጠይቅ ይሰርዘዋል። ከዚህ የባሰው የፎልደር ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው አመንጪዬ የሰርቪስ ክላሶች (እንደ ክፍያ መቀበል ያለ አንድ ሥራ የሚሠሩ ክላሶች) የሚቀመጡበት ፎልደር መኖሩን ለማረጋገጥ «ኤምፕቲ ዳይሬክተሪ» የተባለውን ተግባር ይጠራ ነበር። አንድ ቀን በስህተት የፈጠርኩትን አንድ ክላስ ለማጥፋት ዴስትሮይን ከፕሪቴንድ ጋር ስጠራው፣ ከሚሰረዙት ነገሮች መካከል የፋይሉ ስም ብቻ ሳይሆን የፎልደሩ ስም ራሱ በቀይ ተጽፎ ተመለከትኩ። ተግባሩ ሲገለበጥ ፎልደሩን ከነሙሉ ይዘቱ ይሰርዛል፤ ያለ ፕሪቴንድ ብጠራው ኖሮ የሁሉም ሰው ሰርቪሶች አብረው ይሄዱ ነበር። ያ መስመር ከመነሻውም አያስፈልግም፤ ፋይል የሚፈጥረው ተግባር የጎደሉትን ፎልደሮች ራሱ ይፈጥራልና። የራሱን አመንጪ የጻፈ ሁሉ ዛሬውኑ ኮዱን ከፍቶ ይህን ቢመለከት እወድዳለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ ቀድሞ ባለ ፋይል ውስጥ ጽሑፍ ማስገባትን ይመለከታል። የመተግበሪያው የድር አድራሻዎች ለሚዘረዘሩበት የራውት ፋይል የተዘጋጀ ተግባር ስላለ እዚያ ላይ ችግር የለም። ለሌሎቹ ፋይሎች ግን «ኢንጀክት ኢንቱ ፋይል» ለተባለው ተግባር ከየትኛው መስመር በኋላ ወይም በፊት ይግባ የሚል ምልክት እንሰጠዋለን። አንድ ሰው ያንን ፋይል አስተካክሎ ምልክቱ ከጠፋ፣ አመንጪው ምንም ሳያስገባ፣ ስህተት ብሎም ሳይቆም፣ ወደሚቀጥለው እርከን ያልፋል። ክላሱ ተፈጥሯል፣ ቴስቱ ተፈጥሯል፣ ሊገባ የነበረው መስመር ግን የለም። ይህ ጉዳይ በመሣሪያው ላይ ካለኝ ቅሬታ ሁሉ ይበልጣል፤ ኮድ የሚያመነጭ መሣሪያ ያልሠራውን ሥራ እንደ ስህተት ቆጥሮ ሳይቆም ማለፍ የለበትም። እኔ ከማስገባቱ በፊት ፋይሉን አንብቤ ምልክቱ መኖሩን የሚያረጋግጥ፣ ከሌለም በግልጽ መልእክት የሚያቆም ሦስት መስመር ጨምሬያለሁ። በሌላ በኩል አንድ በጎ ነገር ልመስክርለት፤ የሚገባው ጽሑፍ ቀድሞ በፋይሉ ውስጥ ካለ ደግሞ አያስገባውም፤ ስለዚህ አመንጪውን ሁለት ጊዜ መጥራት ድርብ መስመር አያመጣም።

ከመሣሪያው ሁሉ የላቀው ክፍል፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው፣ አዲስ አመንጪ ጨርሶ ሳይጻፍ የነበረውን መለወጥ መቻሉ ነው። በ«ሊብ» ሥር «ቴምፕሌትስ» የሚባል ፎልደር ከፍተን የሬይልስን አብነት በራሳችን ቅጂ ብንተካው፣ ስካፎልዱ ከዚያ ወዲያ የእኛን ገጽ ይጽፋል። መንገዱና የፋይሉ ስም ግን በትክክል መግጠም አለባቸው፤ ካልገጠሙ የድሮው አብነት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሠራል። በማስተካከያ ፋይሉ ደግሞ የትኛው የቴስት ላይብረሪ እንዲጠራ፣ የትኛው ፋይል ጨርሶ እንዳይፈጠር መወሰን ይቻላል። የራሳችንን አመንጪ ስንጽፍም «ሁክ ፎር» በሚባለው ተግባር የቴስቱን ሥራ ለተመረጠው የቴስት ላይብረሪ ማስተላለፍ እንችላለን፤ ቡድኑ ነገ ከአንዱ ላይብረሪ ወደ ሌላው ቢዛወር አመንጪው አይነካም። የራሱን አመንጪ ሊጽፍ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ ይህን መንገድ እንዲሞክር አጥብቄ እመክራለሁ። እኛ በጀመርንበት ጊዜ ሦስት አመንጪዎች ያስፈልጉናል ብለን ነበር፤ ሁለቱ ሥራቸው በተተካ አብነት ብቻ አለቀ።

አመንጪ ራሱ ኮድ ነውና ቴስት ያስፈልገዋል። ሬይልስ ለዚህ የሚሰጠው «ጄኔሬተርስ ቴስት ኬዝ» የተባለው ክላስ በእኔ እይታ ከሌሎች ፍሬምወርኮች የሚለየው ነው። አመንጪውን በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ አስነሥቶ፣ ፋይሉ መፈጠሩን፣ በውስጡ የተወሰነ ጽሑፍ መኖሩን፣ ማይግሬሽኑም በትክክል መጻፉን ያረጋግጣል፤ የማይግሬሽን ፋይል ስም በ14 አኃዝ የጊዜ ማኅተም ስለሚጀምር በተራ ፍለጋ አይገኝም፤ ለዚህ ራሱን የቻለ ማረጋገጫ አለው። ጊዜያዊ ፎልደሩ ከቴስቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ እንደሚጸዳ ግን መታወቅ አለበት፤ አድራሻው በስህተት ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ከዞረ የሚጠፋው ፕሮጀክቱ ነው። እኔ ከተዘጋጁት ማረጋገጫዎች ላይ አንድ የራሴን ጨምሬያለሁ፤ የተፈጠረውን የሩቢ ፋይል በሩቢ የሰዋስው ፍተሻ ውስጥ አሳልፋለሁ። በአብነት ውስጥ የተረሳ አንድ መዝጊያ በዓይን አይታይም፤ በፍተሻው ግን ወዲያው ይያዛል።

ከሌሎች ጋር ሳነጻጽረው፣ የፓይተን ፍሬምወርክ የሆነው የጃንጎ መነሻ ትእዛዝ ሙሉ ፎልደርን ከራስ አብነት እንዲቀዳ ያደርጋል፤ ከዚያ አልፎ ለመሄድ ግን ብዙ በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። የፒኤችፒ ፍሬምወርክ የሆነው ላራቬል «ስተብ» የሚላቸውን አብነቶች ወደ ፕሮጀክቱ አውጥቶ ማስተካከልን ይፈቅዳል፤ ለአጠቃቀምም ቀላል ነው። በአንድ ጉዳይ ሬይልስን በግልጽ የሚበልጠው የዌብ ገጽ ፍሬምወርክ የሆነው የአንጉላር ኮድ አመንጪ፣ ስኬማቲክስ፣ ነው። እሱ ለውጦቹን በሙሉ መጀመሪያ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ባለ የፋይል ዛፍ ላይ ይሠራና፣ ሁሉም ሲሳካ ብቻ ወደ ዲስክ ይጽፋል። ሬይልስ እያንዳንዱን እርከን እንደደረሰበት ስለሚጽፍ፣ አራተኛው እርከን ላይ ቢሰናከል የቀደሙት ሦስቱ ተጽፈው ይቀራሉ። ስለዚህ ማንኛውም አመንጪ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ውስጥ ያልተመዘገበ ለውጥ አለመኖሩን ማረጋገጥ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ ያኔ ሁሉንም ወደ ነበረበት መመለስ የአንድ ወይም የሁለት ትእዛዝ ሥራ ነው።

በመጨረሻ የተማርኩት ምን ማመንጨት እንደሚገባ ነው። የመጀመሪያው አብነቴ 90 መስመር ያህል ነበረው፤ የሎግ አጻጻፉን፣ የስህተት አያያዙን፣ የዳታቤዝ ትራንዛክሽኑን (ለውጦች ሁሉ አብረው እንዲሳኩ ወይም አብረው እንዲሰረዙ የሚያደርገውን) ሁሉ በእያንዳንዱ ክላስ ውስጥ ይጽፍ ነበር። የሎግ አጻጻፋችን ሲለወጥ አመንጪው ቀድሞ የጻፋቸውን ፋይሎች ሁሉ አንድ በአንድ ከፍተን አስተካከልን፤ መገልበጥን ለማስቀረት የጻፍኩት መሣሪያ መገልበጡን አፋጥኖት ነበር። ከዚያ በኋላ በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነውን ወደ አንድ መነሻ ክላስ አዛወርኩት፤ አብነቱም ወደ 15 መስመር ወረደ። የሚያመነጨው አሁን ስሙን፣ የሚቀበላቸውን ግብአቶች፣ ባዶ ሜተዱንና የቴስቱን አጽም ብቻ ነው። ለዚህ ግምገማ መነሻ የሆነው የሎግ ስም ደግሞ ጨርሶ አይጻፍም፤ መነሻ ክላሱ ከክላሱ ስም ራሱ ያነበዋል።

አብነት ከተለወጠ በኋላ የቆዩት ፋይሎች ምን ይሁኑ ለሚለው ጥያቄ ግን መሣሪያው መልስ የለውም። ሬይልስ ራሱ ከእትም ወደ እትም ሲሸጋገር የማስተካከያ ፋይሎቹን የሚያሳድሰው በዚያው ተካ ወይስ ተው በሚለው ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱን እያነበቡ መወሰን ለሰው የተተወ ሥራ ነው። እኔ በእያንዳንዱ አብነት አናት ላይ የአመንጪውን ስምና የአብነቱን ቁጥር የያዘ አንድ የኮሜንት መስመር አስገባለሁ፤ አብነቱ በተለወጠ ቁጥርም ቁጥሩን እጨምራለሁ። በ2ኛው አብነት የተፈጠሩና ወደ 3ኛው ያልተሸጋገሩ ፋይሎች የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ በፕሮጀክቱ ውስጥ ያንን መስመር መፈለግ ይበቃኛል። ይህ መስመር በመሣሪያው ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቢጻፍ ኖሮ ግማሹ ቅሬታዬ አይኖርም ነበር።